ጅማ ላይ ዓይን ሲቀላ የት ይኬዳል? (ጥቆማ)

ኮንታክት ሌንስ (ዓይን ላይ የሚለጠፈውን) እያደረግሽ ዓይንሽ ቀልቶ፣ ብርሃን ማየት አቅቶሽ «የትኛው ፋርማሲ ይሻላል?» ያልሽው እህቴ፣ ሌንሱን አሁኑኑ አውልቂ። ፋርማሲውን ተዪውና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ዓይን ክፍል ሂጂ። ወረፋው ያስመርራል። ማልደሽ ውጪ።

ፋርማሲ የምፈራው በምክንያት ነው። የአጎቴን ልጅ ቡና ሲለቅም ቅርንጫፍ ዓይኑን መታው። አንድ ፋርማሲ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ሸጠለት። በሁለት ቀን ቅላቱ ቀነሰ፣ ተመስገን አልን። በሳምንቱ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ሲመረመር ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። ስቴሮይድ ቅላቱን ይሸፍናል እንጂ ፈንገስም አሜባም አይገድልም። እንዲያውም ይመቻቸዋል።

መነጽር ቤቶቻችን ቁጥር ሲለኩ ጎበዞች ናቸው፣ ይህ ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። ብሌኑ በስሊት ላምፕ፣ ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው የሐኪም መሣሪያ፣ መታየት አለበት፤ ካስፈለገም ተፍቆ ላብራቶሪ ይገባል። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ላይ ከሚያሰጉት አንዱ አካንታሚባ ነው፤ በቧንቧ ውሃም በአፈርም የሚኖር አሜባ። ሲጀምር ሄርፐስ የሚባለውን የቫይረስ ሕመም ስለሚመስል ሐኪም ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ሳትጠየቂ «ሌንስ አደርጋለሁ» በይ፤ ሌንሱንና ማስቀመጫውንም ይዘሽ ሂጂ።

አካንታሚባ ከሆነ የሚታዘዘው ክሎርሄክሲዲን ወይም ፒኤችኤምቢ፣ ብዙ ጊዜ 0.02 በመቶ፣ ለዓይን ተብሎ የተዘጋጀ ጠብታ ነው። የቁስል ማጠቢያውን ክሎርሄክሲዲን አቅጥነሽ እንዳትሞክሪ፣ ዓይን ያቃጥላል! የታዘዘው ጠብታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊቱንም ጭምር በየሰዓቱ ይጨመራል፣ የሚቀሰቅስሽ ሰው ያስፈልግሻል። ከዚያ ወራት ይወስዳል። ጠባሳ ትቶ ብሌን መቀየር ግድ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ልትላኪ ትችያለሽ።

ስለ ሌንስ ማጠቢያ ለጠየቃችሁ፦ ሳላይን (የጨው ውሃው) ያለቀልቃል እንጂ ተሕዋስ አይገድልም። ሁሉን በአንድ የሚባለው ማጠቢያ ይሠራል፣ ግን በየቀኑ አዲስ ይቀዳ፤ በትናንቱ ላይ አትጨምሩ። የእኔ ምርጫ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለው ነው፤ ጠንካራ ቅርፊት የለበሰውን አሜባ በተሻለ ይገድላል። ከራሱ ማስቀመጫ ጋር ሰዓቱን ጠብቃችሁ ካልተጠቀማችሁበት ግን ያስለቅሳችኋል። የቧንቧ ውሃ ለማንኛውም ሌንስ አይሆንም።

ገጠር ወንዝ ዳር ስለሚኖሩት እናቱ ዓይን የጠየቀው ወንድሜ፣ የእሳቸው ጉዳይ ሌላ ነው። ቆዳቸውን ለዓመታት የሚያሳክካቸው ከሆነ ኦንኮ (ኦንኮሰርካ፣ ዓይን የሚያሳውረው በሽታ) ሊሆን ይችላል። በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ትል ነው፤ እጮቹ፣ ማለትም ጥቃቅን ልጆቹ፣ ብሌን ውስጥ ገብተው ያነጡታል። በዘመቻ የሚታደለው መድኃኒት፣ ሜክቲዛን (አይቨርሜክቲን)፣ በነፃ ነው፣ መጠኑም በቁመት ይለካል። ትልልቆቹ ትሎች ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራሉ፣ መድኃኒቱ ደግሞ እነሱን አይገድልም። «ባለፈው ውጫለሁ» ብለው እንዳይቀሩ። አሁን ዓይናቸው ከደከመ ግን የዘመቻውን ዙር አትጠብቅ፣ ይዘሃቸው ና።