ለ14 ዓመት ጌመር የገና ስጦታ፦ ከአሜሪካ ምን ላምጣለት?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለገና አዲስ አበባ እገባለሁ። የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው፤ ጌም ነፍሱ ነው። ያለው ላፕቶፕ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው፦ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ማይንክራፍት፣ ቫሎራንትና የቆየ ፊፋ ይጫወታል። በጀቴ 200 ዶላር ነው።

ያሰብኩት ቀለም ቀለም የሚያበራ ሜካኒካል ኪቦርድ፣ 144 ሃርትዝ ሞኒተር፣ ኤፍሲ 25 (ፊፋን የተካው ጌም)፣ ደግሞም እዚያ መብራቱ ስለሚዋዥቅ ሰርጅ መከላከያ ያለው ጥሩ የአሜሪካ ማከፋፈያ። የትኛው ይጠቅመዋል? የትኛው ነው ብር ማባከን? ላፕቶፑን ከፍቼ የሚገጠም ነገር ካለ አክስቱ ካቻቢቴ አትፈራም፤ ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ።

መፍቻ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ማከፋፈያውን ከዝርዝርሽ አውጪው። እንዲጠብቅ ብለሽ የምትወስጂው ዕቃ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውስጡ ቫሪስተር የሚባል ክብ ጠፍጣፋ ነገር አለ፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን ወደ ራሱ ስቦ ያስቀራል። የአሜሪካው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ቮልት ለእሱ ያለማቋረጥ ትርፍ ስለሆነ ገና ሲሰካ ይግላል፣ ይጨሳል። ጀርባው ላይ 125 ቮልት የሚል ካየሽ አትግዢው። የስፒና አዳፕተርም የሚቀይረው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው፣ ቮልቴጁን አይነካውም። ሰርጅ መከላከያ ከተፈለገ ለ220 ቮልት የተሠራውን እዚያው አዲስ አበባ ግዢለት። የላፕቶፑ ቻርጀር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ስጋት የለበትም። ሌላ ማንኛውንም ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት «100-240» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጊ፤ በተለይ ስፒከርና የጠረጴዛ መብራት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለዚህ ላፕቶፕ ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ሁለተኛ ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ነው። ግራፊክስ ካርድ ስለሌለው የምስሉን ሥራ የሚሠራው ኢንቴል ዩኤችዲ 620 ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል። አንድ ራም ብቻ ካለ በ2400 ፍጥነት በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያልፋል። ሁለት ሲሆን 38.4 ይሆናል፣ መንገዱ እጥፍ ሰፋ ማለት ነው። ጌሙ የሚንተፋተፈው ብዙ ጊዜ በዚህች ጥበት ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ልጁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ይጫን፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሜሞሪ የሚለውን ይንካ። «ስሎትስ ዩዝድ» 1 ኦፍ 2 ካለ አንድ ባለ 8 ጊጋ ይበቃል። 2 ኦፍ 2 ካለ ግን ሁለት ባለ 4 ጊጋ ነው ያለው፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም አውጥተሽ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ማስገባት ይኖርብሻል።

የምትገዢው የላፕቶፕ ዲዲአር4 ነው፤ ሶዲም ይባላል፣ 260 ጥርስ አለው። ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር5 አይገባም፤ መሐሉ ላይ ያለው ክፍተት ቦታው የተለየ ነው፣ ብትጫኚው ማስገቢያውን ትሰብሪዋለሽ። 2666 ወይም 3200 የሚል ብታገኚም ይሠራል፣ ፍጥነቱን ወደ 2400 ዝቅ ያደርጋል እንጂ አይጣላም።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ላፕቶፑን ስትከፍቺ ኤፍ1 ተጫኚና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ግቢ፤ ኮንፊግ፣ ፓወር፣ ከዚያ «ዲሴብል ቢልት-ኢን ባትሪ»። ራሱ ይጠፋል። ይህን የምናደርገው ቲ480 ሁለት ባትሪ ስላለው ነው፤ የኋላውን ብታወጪውም ውስጥ የቀረው ቦርዱን በኃይል እንደሞላው ይቆያል። ቻርጀሩን ንቀይ፣ የኋላውን ባትሪ አውጪ፣ ገልብጠሽ ስድስቱን ብሎን ፍቺ። ብሎኖቹ ከክዳኑ አይወጡም፣ ለመንቀል አትታገዪ። ክዳኑን በቀጭን ፕላስቲክ (ያለቀ የስልክ ካርድም ይሆናል) ዙሪያውን ፈልቅቂው። ራሙን ጋደል አድርገሽ ጥርሱ እስኪጠፋ አስገቢ፣ ከዚያ ወደ ታች ስትጫኚው በሁለቱም ጎን ቀጭ ይላል። ቀጭ ካላለ አልገባም። ክዳኑን መልሰሽ ቻርጀር ስትሰኪ የውስጡ ባትሪ በራሱ ይመለሳል።

መጀመሪያ ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አዲሱን ራም እየለካ ስለሆነ አታጥፊው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያም ካልተነሳ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በደንብ ያልገባ ራም ነው፤ አውጥተሽ መልሺ።

ጆይስቲክ፦

መፍቻ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ። ስለሌሎቹ ልጨምር።

144 ሃርትዝ ሞኒተር ይቅርብዎት። ሞኒተሩ በሰከንድ 144 ምስል ማሳየት ቢችልም ዩኤችዲ 620 በአብዛኛው ጌም ላይ 60 እንኳ ሞልቶ አያወጣም። ላፕቶፑ ሲቀየር ያኔ ያስፈልገዋል።

ኤፍሲ 25ም እንዲሁ። ዝቅተኛው መስፈርቱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድና 100 ጊጋ ባዶ ቦታ ነው። ላፕቶፑ የመጀመሪያው የለውም፣ 256 ጊጋ ዲስክ ላይ ደግሞ ሁለተኛው በቀላሉ አይገኝም። ልጁ ስጦታውን ከፍቶ ማጫወት አቅቶት ሲያዝን ማየት አይፈልጉም።

በዚያ ገንዘብ ጆይስቲክ ይግዙለት፤ ፊፋ በኪቦርድ ፊፋ አይደለም። ከቻሉ ሁለት፣ ጓደኛው ሲመጣ አብረው ይጫወቱ። ኮምፒውተር ላይ ያለ ውጣ ውረድ የሚሠራው የኤክስቦክስ ዓይነቱ ነው፤ የዊንዶውስ ጌሞች በቀጥታ ያውቁታል። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበትና የሚከፈትበት ፕሮግራም) ላይ ይሠራል፣ ከስቲም ውጭ በሚከፈት ፊፋ ላይ ግን ተጨማሪ ፕሮግራም ይጠይቃል። የኤክስቦክሱ በሁለት ድንጋይ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ አራት ቻርጅ የሚደረጉ ባለ ሁለት ኤ ድንጋዮች አብረው ይግዙ። ቻርጀራቸው 220 ቮልት የሚቀበል ይሁን፣ ወይም በዩኤስቢ የሚሞላ።

ሌላው ምርጫ «ሆል ኢፌክት» የተጻፈበት ነው፤ 8ቢትዱ አልቲሜት 2ሲ ለምሳሌ። የተለመደው ጆይስቲክ ዘንጉ ሥር የሚፋተግ ነገር ስላለው ሲያረጅ ተጫዋቹ ሳይነካ ራሱ ወደ አንድ ጎን መሄድ ይጀምራል። ሆል ኢፌክት በማግኔት ስለሚለካ የሚፋተግ ነገር የለውም። ለልጅ እጅ ይህን እመርጣለሁ።

ማውስ ለቫሎራንት ከኪቦርድ ይቀድማል። ሎጊቴክ ጂ203 በቂ ነው፦ ባለ ገመድ፣ 85 ግራም፣ እርስዎ የሚወዱት መብራትም አለው። ዲፒአዩን (ማውሱ ለእጅ እንቅስቃሴ ያለውን ስሜት) 800 ላይ ያድርግለትና ከዊንዶውስ ሴቲንግ «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን ያጥፋ። ያ ከበራ እጁ እኩል ርቀት ቢሄድም ፍጥነቱ በተለየ ቁጥር ጠቋሚው የሚሄደው ርቀት ይለያያል፤ ማነጣጠር በጭራሽ እጅ ላይ አይገባም። ሰፊ የጨርቅ ማውስ ፓድ ጨምሩበት፣ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገባል።

ሄድሴት ከገዙ ጫፉን ይዩ። ቲ480 አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ የሄድሴቱ ፒን ሦስት ጥቁር ቀለበት ሊኖረው ይገባል። ሁለት ፒን ያለው (አንዱ ለድምፅ፣ አንዱ ለማይክ) ያለ ማዋሃጃ ገመድ ከተሰካ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ኪቦርዱን የግድ ከፈለጉ ባለ 87 ቁልፉን ይውሰዱ፣ ለማውስ ቦታ ይተርፋል። ሰማያዊ ስዊች (ሲነካ ቀጭ ቀጭ የሚለው የቁልፍ ዓይነት) ግን አይሁን፤ ማታ ሲንጫጫ እናቱን እንቅልፍ ይነሳታል።

ሰባራ ባቡር፦

ከአዲስ አበባ። ሁለት ነገር ልጨምር፣ አንዱ መብራት አንዱ ስቲም።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ የሚሞተው ዋይፋዩ ነው፣ ልጁም ከጌሙ መሐል ይወጣል። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ) አምጪለት። ከመግዛትሽ በፊት የራውተሩን ቻርጀር ጽሑፍ ፎቶ አስልኪ፦ 12 ቮልት ስንት አምፔር እንደሚል። ዩፒኤሱ ከዚያ ያላነሰ አምፔር ይስጥ፣ ቮልቴጁ ደግሞ በትክክል እኩል ይሁን። ፋይበር ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለችው ሳጥን ለብቻዋ መብራት ትፈልግ እንደሆነ እይ፤ ከፈለገች ሁለት መውጫ ያለው ይሁን። ውስጡ ሊቲየም ባትሪ ስላለ እንደ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው፣ በሚጫነው ሻንጣ ክልክል ነው። ከ100 ዋት ሰዓት በታች ይሁን፤ 20,000 ሚሊአምፔር በ3.7 ቮልት 74 ነው፣ ያልፋል።

ስቲም ላይ ደግሞ ጌም መርጠሽ ከመላክ ዋሌቱን (የአካውንቱን የገንዘብ ቦርሳ) ብትሞዪለት ይሻላል። እዚህ በብር ካርድ መክፈል አስቸጋሪ ስለሆነ 20 ዶላር እንኳ ትልቅ ስጦታ ነው። የኢትዮጵያ ስቲም ዋጋ በዶላር ነው። ለዚህ ላፕቶፕ ቴራሪያና ስታርዲው ቫሊ ይመቻሉ፤ ማውረጃቸውም ትንሽ ስለሆነ የኢንተርኔት ፓኬጅ አይጨርሱም። ማይንክራፍት ስቲም ላይ አይሸጥም፣ ያልገዛው ከሆነ በማይክሮሶፍት አካውንት ነው።

ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ዲጂታል የስጦታ ካርድ የሚላከው ቢያንስ 3 ቀን ጓደኛ ሆኖ ለቆየ አካውንት ብቻ ነው። አዲስ አካውንት ደግሞ 5 ዶላር እስኪያወጣ የጓደኝነት ጥያቄ መላክ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የራስሽ ዋሌት ላይ 5 ዶላር ጨምሪ፣ ከዚያ ጥያቄውን ላኪለት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማከፋፈያውን መልሼዋለሁ። ልጁ ፎቶ ላከ፦ 1 ኦፍ 2፣ ስፒዱ 2400። 8 ጊጋ ራም፣ ማውስና ሁለት ጆይስቲክ አዝዣለሁ። የራውተሩ ቻርጀር 12 ቮልት 1.5 አምፔር ይላል፤ ባለ 2 አምፔር ዩፒኤስ ባገኝ ራውተሩን አያቃጥልም? ኤስኤስዲውንስ ልቀይርለት?

መፍቻ፦

አያቃጥልም፤ ራውተሩ የሚፈልገውን 1.5 ብቻ ይስባል። የሚያቃጥለው የቮልቴጅ መብለጥ ነው።

ኤስኤስዲ ዘንድሮ ይቆይ። ዊንዶውስን ማዛወር ሌላ ዕቃና ግማሽ ቀን ይጠይቃል። ክዳኑን ስትከፍቺ ግን የማራገቢያውን አቧራ አጽጂለት፤ ስትነፊ ክንፉን በጣትሽ ያዥው፣ እንዳይሽከረከር። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆነም ወደ 11 በነፃ ያልፋል፣ 8ኛ ትውልድ ይፈቀድለታል። ከዚያ በኋላ ቫሎራንት «ቫን 9003» ብሎ እምቢ ካለ ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡት ጠፍቶ ነው፤ ከሴኪዩሪቲ ማውጫ አብሪው።

ሰባራ ባቡር፦

የስቲም የክረምት ቅናሽ ብዙ ጊዜ ከፈረንጆቹ ገና በፊት ተጀምሮ ከታኅሣሥ 29 በፊት ይዘጋል። ገንዘቡን ለበዓሉ ቀን አታቆዪው፤ ጓደኝነቱን በዚህ ሳምንት ጨርሺ፣ ካርዱንም ቅናሹ እንደተከፈተ ላኪለት።