ቪጃይን ማን አስገደደው? በ«ዲዋር» ላይ የተነሣ ክርክር

የፒያሳ ልጅ፦ ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ እንግዳ ስለ ወጣቶችና ስለ ወንጀል ተጠይቆ፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ዲዋር» የተባለ የሕንድ ፊልም ጎትቶ አመጣና «ኮንትሮባንድ ነጋዴን ጀግና ያደረገ የወንጀል ማስታወቂያ» ብሎ ፈረደበት። ለመሆኑ እስከ መጨረሻው አይቶታል? ኮንትሮባንድ ነጋዴውን ቪጃይን የገደለው የገዛ ወንድሙ ጥይት ነው። ነፍሱም የወጣችው በቤተ መቅደስ፣ በእናቱ ጭን ላይ ነው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ማን ያሠራል? ደግሞስ ቪጃይ ምርጫ አልነበረውም። የሠራተኞች መሪ የነበረው አባቱ ቤተሰቡን ሊያጠፉበት ሲዝቱበት ፈርሞ ሠራተኛውን ከዳ፤ ከዚያም አገር ጥሎ ጠፋ። የተናደዱት ሰዎች ሕፃኑን ይዘው ክንዱ ላይ «አባቴ ሌባ ነው» ብለው ነቀሱት። ከዚህ በኋላ ምን ይሁን ትላላችሁ?

ዳኛው፦ «ምርጫ አልነበረውም» አልክ? እዚህ ላይ እንቁም። ራቪ ከየት መጣ? ከአንድ ማሕፀን የወጣ፣ ቦምቤ ጎዳና ላይ አብሮት ያደረ፣ ያንኑ ረሃብ የተራበ ወንድሙ ነው። እርሱ ፖሊስ ሆነ። ድህነት የሚያስገድድ ከሆነ አንዱን ብቻ መርጦ የሚያስገድደው ለምንድን ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ ራቪን ማን አስተማረው? እናት ጡብ ተሸክማ፣ ቪጃይ ጫማ ጠርጎ። ሁለቱን ለማስተማር አቅም አልነበረምና ታላቁ ቀረ። ንቅሳቱም ያለው በቪጃይ ክንድ ላይ ነው። ራቪ እጅጌውን ሰብስቦ መሄድ ይችላል።

ዳኛው፦ ውለታውን ማን ካደ? ነገር ግን ቪጃይ አድጎ ወደብ ላይ በላቡ የሚያድር ኩሊ ነበር። የኮንትሮባንዲስቶቹ አለቃ ዳቫር ገንዘብ ይዞ ሲመጣ እምቢ ማለት ይችል ነበር። አላለም። ምርጫ ማለት ይኸው ነው።

እቴ ሜቴ፦ የፒያሳ ልጅ፣ ጠበቃ ሆነህለት ሳታውቀው እያዋረድከው ነው። ልጅ ሳለ ጫማ የጠረገለት ሰው ሳንቲም ሲወረውርለት «የምሠራ ነኝ እንጂ ለማኝ አይደለሁም፤ አንሥተህ በእጄ ስጠኝ» ያለ ነው። ጎልምሶም ዳቫር የብር እስር ጠረጴዛው ላይ ሲጥልለት ዛሬም የተወረወረ ገንዘብ እንደማያነሣ ነገረው። ይህ ተገድዶ የገባ ሰው አነጋገር ነው? ዐይኑን ከፍቶ ነው የገባው። እኔ የምወደውም ለዚያ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ታዲያ ከማን ወገን ነሽ?

እቴ ሜቴ፦ ከቪጃይ። መርጦ ከገባው ቪጃይ።

ዳኛው፦ እነሆ ምስክሬ ከጠላት ሰፈር ተገኘች!

እቴ ሜቴ፦ ምስክርህ አይደለሁም። አትጥራኝ።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ ዘመኑን ረሳችሁት። ፊልሙ ከመውጣቱ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በግንቦት 1974፣ የሕንድ የባቡር ሠራተኞች አድማ በጅምላ እስር ተሰብሯል። ፊልሙ በወጣ በአምስተኛው ወር ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ከ1968 ጀምሮ ሕጉ ዜጋውን ጥፍጥፍ ወርቅ እንዳይዝ ስለከለከለ ወርቁ በባሕር በኩል ተደብቆ ይገባ ነበር። ሐጂ ማስታንም የቦምቤ ወደብ ኩሊ ሆኖ ጀምሮ በዚሁ ንግድ የከበረ ሰው ነው፤ ተመልካቹ ቪጃይን ሲያይ እርሱን ያስታወሰው በከንቱ አይደለም። ደግሞ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጨበው ለወርቁ መስሏችኋል? የመጋዘኑን ትዕይንት አስታውሱ። ከኩሊዎቹ ደመወዝ ላይ ግብር የሚቀሙት ወሮበሎች ሲያፈላልጉት ውለው ሲመለሱ፣ ቪጃይ እግሩን ሰቅሎ እዚያው ጎሬያቸው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። በሩን ከውስጥ ይቆልፍና ቁልፉን ለአለቃቸው ለፒተር ይወረውርለታል፦ ኪስህ ክተተው፣ ስወጣ ከኪስህ አውጥቼ እከፍታለሁ! ለዚህ ያላጨበጨበ ደመወዙን ተቀምቶ የማያውቅ ነው።

ዳኛው፦ ጋሼ፣ ስለ ታሪኩ አመሰግንዎታለሁ። ነገር ግን መጋዘኑ ውስጥ የተደባደበው ኩሊው ቪጃይ ነው፤ ለዚያማ እኔም አጨበጭባለሁ። እኔ የምለው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ባለ ሱፉ ነው። ደግሞ ፊልሙ ራሱ ዳኝነቱን ሰጥቷል። ራቪ ዳቦ የሰረቀውን ልጅ እግሩን በጥይት መትቶ፣ ጸጸት ቢይዘው ምግብ ተሸክሞ ቤታቸው ይሄዳል። የልጁ አባት፣ ያ ድሃ መምህር፣ ምን አለው? ትንሽም ይሰረቅ ብዙ፣ ሌብነት ሌብነት ነው አለው።

የፒያሳ ልጅ፦ የሚስቱን ጩኸት የት ደበቅኸው? ትልልቆቹን ትታችሁ ዳቦ የነጠቀ ልጅ ትተኩሱበታላችሁ ብላ አፈር ድሜ ያበላችው በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አንተ የተመቸህን ብቻ ቆርጠህ ታመጣለህ። ይልቅ ራቪ ወደ ፖሊስነት እንዴት እንደገባ ንገረን። እንዲያመለክት የመከሩት የፍቅረኛው አባት አይደሉም? ሰውዬው ደግሞ የፖሊስ ሹም ናቸው። እንዲህ ያለ አማት ላገኘ ሰው ሐቀኝነት ምን ያህል ያስቸግረዋል?

ዳኛው፦ መከሩት እንጂ አልቀጠሩት! ሠልጥኖ ነው የገባው።

ከዱባይ፦ እዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ሕንዳውያን ስለ ሕግም ስለ ወደብም አይከራከሩም። አንዱ ስለ አዲስ መኪናው ሲኩራራ ሌላው ራቪ ሀብቱን ለሚቆጥርለት ለቪጃይ የመለሰውን «እኔ ዘንድ እናቴ አለች» ይለዋል፤ ሣቅ ይሆንና ያልቃል። ለነገሩ ራቪን የተጫወተው ሻሺ ካፑር ቪጃይን ከተጫወተው ከአሚታብ ባቻን በአራት ዓመት እንደሚበልጥ ታውቃላችሁ? ታላቁ ታናሽ ሆኖ ነው የተወነው።

እቴ ሜቴ፦ ፊልምፌር የተባለውን የሕንድ ፊልም ሽልማትም የወሰደው እርሱ ነው፤ በረዳት ተዋናይነት። አሚታብ ባዶ እጁን ቀረ። በፊልሙ ውስጥም ሜዳሊያውን የሚቀበለው ራቪ ነው፤ ከፊልሙ ውጪም ራቪ። ዳኛው፣ ደስ ይበልህ።

ዳኛው፦ ደስ ብሎኛል። እናትየዋም ከእኔ ጋር ናት። ሽጉጡን በእጇ ለራቪ የሰጠችው፣ ስትተኩስ እጅህ አይንቀጥቀጥ ብላ የላከችው እርሷ ናት። ከእናት በላይ ይግባኝ የለም።

እቴ ሜቴ፦ ሽጉጡን ከሰጠች በኋላስ የት ሄደች? ወደ ቤተ መቅደስ፣ ቪጃይን ልትጠብቅ! ሚስቱ ልትሆን የነበረችውን፣ ያውም ልጁን ያረገዘችውን አኒታን ገድለውበት፣ ደሙን እያፈሰሰ የሮጠው ወደ እርሷ ነው። ፍርድ የሰጠ ዳኛ የተፈረደበትን ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል?

ዳኛው፦ እናት ስለሆነች ነዋ! እንባ ማስረጃ ይሆናል እንዴ? በዚህ አያያዛችሁ ነገ «ሾላይ» የተባለውን ሌላ የሕንድ ፊልም ብናነሣ ሽፍታው ጋባር ሲንግም ምርጫ አልነበረውም ልትሉን ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋባር ወንድሙን ለማስተማር ጫማ ሲጠርግ አላየሁም።

ዳኛው፦ ይህ መልስ ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ አንተስ ስለ ሹሙ አማት መቼ መለስክ?