በእጅ የተሳለ የሚመስል ፎንት ለበርበሬ ማሸጊያ ይሆናል?

ሚሚ ባልትና፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እማዬ የምታዘጋጀውን በርበሬና ሽሮ አሽገን ልንሸጥ ነው እና ለስቲከሩ ፎንት ስፈልግ አንድ በብሩሽ የተሳለ የሚመስል አገኘሁ፣ እግሮቹ ወፋፍራም ናቸው፣ አንዳንዱ ፊደል ዘመም ብሏል፣ የድሮ ሱቅ ታፔላ ነው የሚመስለው፣ በጣም ወደድኩት። ወንድሜ ግን "ይሄ የልጆች ልደት ካርድ ነው" ብሎ አጣጣለብኝ። ስሙንም የውስጡን ዝርዝርም በሱ ብጽፈው ምን ትላላችሁ?

ግራፊክስ ሰፈር፦
ለስሙ አሪፍ ነው፣ ለዝርዝሩ ግን በፍጹም። እንዲህ አይነት ፎንት የሚያምረው በትልቁ ነው፣ ስታሳንሺው የኃምስ ቀለበቶች ይደፈናሉ። በርበሬ ብለሽ በ8 ፖይንት ፕሪንት አርጊና እዪው፣ የሬ ቀለበት ቀለም ይሞላውና ሪ ይመስላል፣ "በርበሪ" ልትሸጪ ነው ሃሃሃ። ዝርዝሩን በኖቶ ሳንስ ወይ በኒያላ ጻፊው፣ ጠባይ ያለው ፎንት አንድ ቦታ ይበቃዋል።

የብሩሽ ሰው፦
ታፔላ ጽፌ ነው ልጆቼን ያሳደኩት። ዘመም ማለቱ ችግር የለውም የኔ ልጅ፣ ወደ ታች የሚወርደው እግር ወፍሮ አግድሙ መቅጠኑን ብቻ እዪ፣ በመቃ ከተጻፈው ብራና ጀምሮ ዓይናችን የለመደው እሱን ነው፣ ከተገለበጠ ፊደሉ የኛ አይመስልም። ሌላው ደግሞ በርበሬ ላይ በ ሁለቴ አለች፣ በእጅ ስንጽፍ ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይወጡም፣ ፎንት ላይ ግን ቁርጥ አንድ ናቸው፣ ያኔ ነው የሚነቃበት። ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ቅርጽ፣ ማለት እንደ ስዕል ወደሚነካካ መስመር፣ ቀይሪና የአንዷን እግር ትንሽ ነካ አርጊያት።

ኮደሩ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ሁለት አይነት በ ያለው ፎንት መስራት ይቻላል ግን ማን ይደክማል? ዩኒኮድ፣ ማለት የዓለም ፊደላት ኮምፒውተር ላይ የሚመዘገቡበት ደረጃ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲያስገባ ራሱ 345 ምልክት ነበር፣ ሳድስ ደግሞ ደንብ ስለሌለው እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚሳለው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው መሃል ላይ ይተወዋል፣ ቋ፣ ኳ፣ ቨ ይጎድላሉ። የጎደለውን ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ያመጣልሻል። ቋንጣ ብለሽ ሞክሪው። ፈቃዱንም አንብቢ፣ ነፃ ተብሎ ለንግድ የማይፈቀድ ሞልቷል።

ሚሚ ባልትና፦
ወይኔ እውነትም ቋ ብቻዋን ቀጥናለች ሃሃሃ! ቋንጣ ለጊዜው ስለሌለን ይሁን፣ ፈቃዱ ለንግድ ይላል። 500 ግራም የሚለውስ? ቁጥሩ ከፊደሉ አጥሮ ነው የሚወጣው።

ግራፊክስ ሰፈር፦
ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር በኖቶ አርጊው፣ ኪሎውን ሰው ፈልጎ ሳይሆን በጨረፍታ ነው ማየት ያለበት።

የብሩሽ ሰው፦
ቀይ መደብ ላይ ጥቁር እንዳትጽፊ ብቻ፣ በሱቁ መብራት አይነበብም። ነጭ ወይ ቢጫ አርጊው።