38 ዲግሪ የተባለው ቀን በሹራብ ሲያልቅ

ሰላም የሜልበርን ቤተሰቦች። ሰሞኑን ከአገር ቤት የገባችሁ «ይሄ አየር ምን ሆኖ ነው?» እያላችሁ ስለምትደውሉልኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

እዚህ ዲሴምበር 1 በጋ ገባ ይባላል። በጋ ሲባል ግን የእኛን ጥር አታስቡ። ለሳምንታት የማይነቃነቅ ጥርት ያለ ሰማይ የለም። የዲሴምበር የቀን ሙቀት በአማካይ 24 ዲግሪ አካባቢ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን 24 የሆነ ቀን ማግኘት ራሱ ዕድል ይጠይቃል። አንዱ ቀን 36፣ ሌላው 18 ሆኖ ነው አማካዩ የሚመጣው።

ነገሩ የቦታው ነው። በሰሜን በኩል የአህጉሩ በረሃ አለ። በደቡብ ውቅያኖስ፣ ከዚያ ወዲያ አንታርክቲካ። ቀዝቃዛው አየር ከምዕራብ ሲቃረብ፣ ከፊቱ የበረሃውን ሙቀት እየሳበ ያመጣብናል። ጠዋት ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ከሰዓት ነፋሱ ድንገት ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዞራል። የአገሬው ሰው «ኩል ቼንጅ» የሚለው ይህንን ነው። 10 ዲግሪ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅበት ጊዜ አለ። ቁርስ አዋሽ አርባ፣ እራት ደብረ ብርሃን በሉት።

እኔ የተማርኩት በልጄ ክርስትና ድግስ ነው። 38 ተብሏል ብዬ ጓሮ ውስጥ ጋዜቦ ተከልኩ፣ በረዶ ገዛሁ፣ እንግዳውን በእጅጌ ጉርድ ጠራሁ። ወጡ ቀርቦ እንጀራው ሊገለጥ ሲል ነፋሱ ዞረ። ጋዜቦው ተገለበጠ። የእናቴ ነጠላ የጎረቤት ሎሚ ዛፍ ላይ ተገኘ። ሰው ሁሉ ሳሎን ገብቶ፣ የእኔን ሹራቦች ተከፋፍሎ ለብሶ በላ። ትንበያው አልተሳሳተም እኮ፤ 38 ደርሷል። እኔ ነኝ «እስከ ስንት ሰዓት?» ብዬ ያልጠየቅኩት።

ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትውጡ። የሜትሮሎጂ ቢሮው ትንበያ ላይ ከቁጥሩ ሥር ነፋሱ መቼ እንደሚዞር ተጽፏል፤ እሱን አንብቡ። በዕለቱ ደግሞ ከእኛ ደቡብ ምዕራብ ያለችውን የጂሎንግን ከተማ ሙቀት ተመልከቱ። ቼንጁ ከምዕራብ ስለሚመጣ መጀመሪያ ዋርናምቡል፣ ቀጥሎ ጂሎንግ ይቀዘቅዛል። ጂሎንግ ከ35 ወደ 22 ከወረደ፣ ብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ አንድ ሰዓት ገደማ ቀርቶታል። ሰዓቱ በፈረንጅ ነው ታዲያ። ባለፈው አንዲት እህታችን «3 ሰዓት ላይ ይዞራል» የሚለውን የእኛ 3 ሰዓት መስሏት፣ ጠዋት ሙሉ ኮት ለብሳ ስትቀቀል ውላለች።

ከሰል ላይ ግን ቀልድ የለም። ሙቀት፣ ድርቀትና ነፋስ ሲገጣጠሙ «ቶታል ፋየር ባን» ይታወጃል። ያን ቀን ደጅ ላይ ከሰል ማያያዝ ክልክል ነው፤ ለቡናም ቢሆን። «ትንሽዬ ምድጃ እኮ ናት» አያዋጣም። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 በፈረንጅ፣ ሜልበርን 46.4 ዲግሪ ደርሳ ነበር። በክፍለ ሀገሩ የተነሳው ሰደድ እሳት 173 ሰው ፈጀ። ማምሻውን ቼንጁ ሲገባ «ተመስገን ቀዘቀዘ» የሚባልበት ሰዓት ነበር። ግን ነፋሱ ሲዞር፣ የእሳቱ ጎን የነበረው ረጅሙ መስመር በሙሉ ወደፊት መጋለብ ጀመረ። ደጅ ተከለከለ ብላችሁም ከሰሉን ወደ ቤት አታስገቡ። መስኮት በተዘጋ ቤት የከሰል ጋዝ ሳይሸት ይገድላል። ጀበናዋን ለዚያች ቀን ኤሌክትሪክ ላይ ጣዷት።

ከሰንሻይን፦
እናመሰግናለን ጋሼ። አንድ ነገር ያጨቃጭቀናል። እኔ ቼንጁ ሲገባ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ የቤቱን ሙቀት አስወጣለሁ። ባለቤቴ «ዝጋው፣ የሣሩ ብናኝ ይገባል» ትላለች። ማን ነው ልክ?

ከፍሌሚንግተን፦
ነርስ ነኝ፤ እኔ ልመልስ ወንድሜ። አብዛኛውን ቀን አንተ ልክ ነህ። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ቼንጁ ነጎድጓድ ይዞ ሲመጣ ግን ባለቤትህን ስማ። የሣር ብናኝ እንዲሁ ሲሆን ትልቅ ስለሆነ አፍንጫ ላይ ይቀራል፤ ያስነጥሳል፣ ያበቃል። በነጎድጓዱ እርጥበት ሲያብጥ ግን ይፈነዳና ደቅቆ ሳንባ ድረስ ይገባል። ኖቬምበር 21 ቀን 2016 ማታ የሆነው ይህ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መተንፈስ አቅቷቸው ሆስፒታል ጎረፉ፣ 10 ሰው ሞተ። ሆስፒታል ከመጡት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አስም ኖሯቸው አያውቅም። ቀኑን በእኛ ስቆጥረው ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ ለማስወጣት ተብሎ አዲስ አበባ በጭስ የምትታጠንበት ቀን!

በጸደይ የሚያስነጥሳችሁ ካላችሁ «አስም የለብኝም» ብላችሁ አትተዉት። እዚህ ከመጡ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚጀምራቸው አሉ። ሐኪም አማክሩ። ሰማያዊዋ ፓፍ፣ በአፍ የምትነፋዋ የአስም መድኃኒት፣ ያለ ማዘዣ ፋርማሲ ትገኛለች። ሰው ትንፋሽ ካጠረው አስቀምጡት፣ 4 ጊዜ ንፉለት፤ በእያንዳንዱ መሃል 4 ጊዜ ይተንፍስ። 4 ደቂቃ ጠብቁና ካልተሻለው ድገሙት። አሁንም ካልተሻለው 000 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ገና ከጅምሩ ከጠናበትማ ሳትጠብቁ ደውሉ። የነጎድጓድ አስም ትንበያው ቪክ ኢመርጀንሲ አፕ ላይ አለ።

ከሰንሻይን፦
ባለቤቴ ይህን አንብባ ዝም ብላ ፈገግ አለች። ከእንግዲህ ይቺን ፈገግታ ነው የማልችላት።

ጂሎንግ 21 ገብቷል፣ ልብሳችሁን ከሽቦ አውርዱ።