ሞላና ፔንዱለም በአንድ ማቆሚያ ላይ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

አስተባባሪዋ፦
ውድ አባላት፣ ለቀላል ሃርሞኒክ እንቅስቃሴ (በእኩል ጊዜ ለሚመላለስ ውዝዋዜ) ምዕራፍ አንድ የጋራ ሙከራ ለማቅረብ ተስማምተናል። የመጡት ረቂቆች ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ስለ ሞላ፣ ሌላው ስለ ፔንዱለም (በክር ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ እንክብል)። ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ የሚታያችሁ እስከ ዓርብ ጻፉልን።

የሞላው ረቂቅ አዘጋጅ፦
ጎን ለጎን እንስቀላቸው። ተማሪዎቼ ቀመሮቹን በቃላቸው ይዘዋል። የሞላው ፔሪየድ (አንድ ሙሉ ዙር የሚፈጅበት ጊዜ) በመጠነ ቁስና በሞላው ጥንካሬ፣ የፔንዱለሙ ደግሞ በርዝመትና በስበት እንደሚወሰን ይነግሩኛል። የሁለቱን ዝምድና ግን አይተውት አያውቁም።

ሞላው ላይ ክብደት ሰቅለን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተለጠጠ እንለካ። 25 ከሆነ የፔንዱለሙንም ርዝመት 25 እናድርገው። ከዚያ እኩል እንልቀቃቸው። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሄደ ሁለቱም በአንድ ሰከንድ ገደማ ደርሰው ይመለሳሉ። ሞላውን የለጠጠው የተሰቀለው ነገር ክብደት ስለሆነ፣ መጠነ ቁሱ ለሞላው ጥንካሬ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት፣ የተለጠጠበት ርዝመት ለስበት ሽምጠጣ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ይህን በሞላው ቀመር ውስጥ ብንተካ የፔንዱለሙ ቀመር ራሱ ይወጣል። ተማሪው ይህን ከሰሌዳ በፊት በዓይኑ እንዲያየው እፈልጋለሁ።

የቤተ ሙከራ ባለሙያው፦
ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ዛሬ ጠዋት 30 ግራም በሚመዝን ሞላ ላይ 200 ግራም ሰቅዬ ሞከርኩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዙሮች አብረው ሄዱ። ከዚያ ሞላው ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ፔንዱለሙ 20ኛውን ዙር ጨርሶ ወደ ለቀቅኩበት ጫፍ ሲመለስ ሞላው ተቃራኒው ጫፍ ላይ ነበር። ሞላው ራሱም እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ የክብደቱ ሲሶ፣ ማለትም 10 ግራም፣ በተሰቀለው ላይ ተደምሮ መቆጠር አለበት። ይህ ፔሪየዱን በ2.5 በመቶ ገደማ ያረዝመዋል፤ በ20 ዙር ግማሽ ዙር ማለት ነው።

የፔንዱለሙ ረቂቅ አዘጋጅ፦
እንግዲያውስ ሥጋት አለኝ። ተማሪው እኩል ናቸው ተብሎ እኩል ሳይሆኑ ካየ ቀመሩን ማመን ያቆማል። ቀለል ያለ ሞላ ቢፈለግ አይሻልም? በእኔ በኩልም ሁለት ጥንቃቄዎች ይጨመሩ። ርዝመቱ እስከ ክሩ ቋጠሮ ሳይሆን እስከ እንክብሉ መሃል ይለካ። የእንክብሉ መሃል ከቋጠሮው በ2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለና ቋጠሮው 25 ላይ ከታሰረ፣ ፔሪየዱ በ4 በመቶ ይረዝማል፤ ይህ ሞላው ካመጣው ልዩነት ይበልጣል። ሁለተኛው ፔንዱለሙ ሲለቀቅ ክሩ ከቁልቁል መስመሩ የሚርቅበት ማዕዘን ነው። በ10 ዲግሪ የፔሪየዱ ስሕተት 0.2 በመቶ ገደማ ሲሆን በ60 ዲግሪ ግን ከ7 በመቶ ያልፋል።

የሞላው ረቂቅ አዘጋጅ፦
ጥንቃቄዎቹን እቀበላለሁ። ልዩነቱን መደበቅ ግን አልስማማበትም። ከመላው ትምህርት በጣም የምወደው ቦታ እዚያ ነው። «ለምን ዘገየ?» ብለን እንጠይቃቸውና ዝም እንበል። ከዚያ የተለያዩ ክብደቶችን እየሰቀሉ የፔሪየዱን ካሬ ከመጠነ ቁሱ ጋር በግራፍ ይሣሉ። መስመሩ በዜሮ ነጥብ አያልፍም፤ የጎደለው የሞላው ሲሶ ነው። ተማሪው ያን ሲያገኝ እምነቱ የሚጨምር ይመስለኛል።

የፔንዱለሙ ረቂቅ አዘጋጅ፦
ግራፉ ካለ ተስማምቻለሁ። አንድ ጥያቄ በመጨረሻ ይግባልኝ፦ ሁለቱን ጨረቃ ላይ ብንወስዳቸውስ? የሞላው ፔሪየድ ባለበት ይጸናል፤ የፔንዱለሙ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ነገሩ እዚሁ መሬት ላይም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1672 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ሪሼ ከፓሪስ በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ካየን የወሰደው የፔንዱለም ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይዘገይ ነበር፤ በምድር ወገብ አቅራቢያ ስበቱ አነስ ስለሚል።

አስተባባሪዋ፦
እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ጎን ለጎን መልቀቅ፣ ቀጥሎ የመዘግየቱ ጥያቄና ግራፉ፣ በመጨረሻ ጨረቃ። የአለካኩን አንቀጽ የፔንዱለሙ ረቂቅ አዘጋጅ ይጻፉልን። ቆጠራው ሲለቀቅ «ዜሮ» ተብሎ እንዲጀምርም ይግባበት፤ «አንድ» ብሎ የሚጀምር ተማሪ አንድ ዙር ያጣል።

የቤተ ሙከራ ባለሙያው፦
እኔ እስከ ሰኞ ሦስት ሞላዎችን መዝኜ፣ እያንዳንዱ በስንተኛው ዙር ግማሽ ዙር ወደ ኋላ እንደሚቀር በሠንጠረዥ እልካለሁ።