የዕቅድ ውይይት፦ የጋራ ሥልጠናው ከምን ይጀምር?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሙያ ጽሑፍ ሥልጠናውን ረቂቅ አይታችሁታል ብዬ ነው። ግማሹ ሰዋስው፣ ግማሹ የሪፖርት አቀራረብ ነው። ምን ይቀየር?

የመመሪያ ጸሐፊ፦
እኔ መነሻው ራሱ ይቀየር ባይ ነኝ። አንድ ጊዜ የሶፍትዌር መጫኛ መመሪያ ጽፌ ነበር። ተራ ቁጥር 4 «የድሮውን ፎልደር አጥፋ» ይላል። «ከማጥፋትህ በፊት ኮፒ አስቀር» የሚለው ተራ ቁጥር 5 ላይ ነው። ቋንቋው እንከን የለውም፤ አርታኢውም አሳልፎታል። ተጠቃሚው ግን እያነበበ ነው የሚሠራው። 5 ላይ ሲደርስ ፋይሎቹ የሉም። እስካሁን ይቆጨኛል። ያን ቀን የጎደለኝ ሰዋስው አልነበረም።

ኢንጂነር፦
እህቴ፣ ያነሳሽው የእኛም ሙያ ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ፣ በዴቪስ ቤሲ የኑክሌር ማመንጫ፣ ኦፕሬተሮች የድንገተኛ ማቀዝቀዣ ውሃውን ያለጊዜው አቋረጡ። የሪአክተሩ (የኑክሌር ኃይሉ የሚመነጭበት ክፍል) አምራች መሐንዲሶች መመሪያው እንዲስተካከል በ1978 ማስታወሻ ጻፉ። ማስታወሻው ከክፍል ክፍል ሲንከባለል ከረመ፤ ሌሎቹ ማመንጫዎች ዘንድ አልደረሰም። ማርች 28 ቀን 1979 ስሪ ማይል አይላንድ በሚባለው ሌላ የአሜሪካ ኑክሌር ማመንጫ ላይ ተመሳሳይ ስህተት ተደገመ። የሪአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ። ችግሩን ቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር፤ ጽፎታልም። እባካችሁ «ይህ ጽሑፍ ማን እጅ ገብቶ ምን ያሠራል?» የሚለውን እስከ መጨረሻው መከታተል እናለማምዳቸው።

አርታኢ፦
ሰዋስውን ጨርሶ አትጣሉት እንጂ። «እሱን ዝጋው» ሲባል ቧንቧው ይሁን ማሽኑ ካልታወቀ፣ ያም ችግር ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ተዉልኝ።

አሠልጣኝ፦
አንድ ይበቃል፣ እስማማለሁ። የቀረው በተግባር ይሁን። ለሠልጣኙ የተበላሸ ሰነድ እንስጠው። አስተካክሎ፣ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ይስጥ። ከዚያ አፉን ዘግቶ ይመልከት። ሰውየው የት ቆመ? የቱን መስመር ደግሞ አነበበ? «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው።

የመመሪያ ጸሐፊ፦
በጣም ጥሩ! ምዘናውም በዚሁ ይሁን። ምክንያቱን ሳያገኝ ቃላት ብቻ የለዋወጠ አይለፍ።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ረቂቁ ላይ እንዲህ ልጻፍ፦ «ሠልጣኙ አንባቢው የተሰናከለበትን ቦታ ያሳያል፣ ምክንያቱን ይናገራል፣ አስተካክሎ በሌላ አንባቢ ይሞክራል።» ሰዋስው አንድ ክፍለ ጊዜ ያገኛል። ኢንጂነር፣ የማስታወሻውን ታሪክ በግማሽ ገጽ አዘጋጅልን። የተበላሸ ሰነድ ያላችሁ የሰውና የድርጅት ስም አጥፍታችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።

የመመሪያ ጸሐፊ፦
የእኔን የመጫኛ መመሪያ ዛሬ ማታ እልካለሁ። መጀመሪያ እሱ ይሠራበት።