«ሁስካርል»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። የእንግሊዝ ታሪክ እየተረጎምኩ አንድ ቃል ያዘኝ። እ.ኤ.አ. በ1066 ሄስቲንግስ ላይ ከንጉሥ ሃሮልድ ጎን የተዋጉ «ሁስካርል» የሚባሉ ሰዎች አሉ። «የቤተ መንግሥት ዘበኛ» ብዬ ልለፈው?

መልስ፦ ኧረ ዘበኛ አትበለው ወንድሜ! ዘበኛ ሲባል በር ላይ የቆመ ሰው ነው ድቅን የሚልብን። ሁስካርል ግን ውስጥ ነው፣ ጌታው ማዕድ ላይ። ቃሉ የጥንት ኖርስ ነው፤ «ሁስ» ቤት፣ «ካርል» ሰው፣ ያውም ነፃ ሰው። እንግሊዝ አገር የታወቀው ዴንማርካዊው ክኑት በ1016 ከነገሠ ወዲህ ነው።

የማዕዱ ነገር ዋዛ እንዳይመስልህ። ስቬን አገሰን የሚባል የ12ኛው ክፍለ ዘመን የዴንማርክ ጸሐፊ የክኑትን ጭፍሮች ሕግ ጽፎ አቆይቷል። መቀመጫ በማዕረግ ነው። የባልደረባውን ፈረስ ያጎሳቆለ ሰው ከቦታው ዝቅ ይደረጋል። ጥፋቱን ከደጋገመ መጨረሻ ላይ ይቀመጥና የፈለገ ሁሉ የጋጠውን አጥንት ይወረውርበታል! ስቬን የጻፈው ክኑት ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ፣ እኔ ሁሉንም እንዳለ አልውጠውም።

ሥራቸውም ጦርነት ብቻ አልነበረም። በ1041 ንጉሥ ሃርዳክኑት ከሁስካርሎቹ ሁለቱን ግብር እንዲያስከፍሉ ወደ ዉስተር ከተማ ላካቸው። ግብሩ ከባድ ነበርና ሕዝቡ ሆ ብሎ ተነሣ። ሁለቱ ሁስካርሎች ሸሽተው ገዳሙ ማማ ላይ ቢደበቁም እዚያው ተገደሉ። ንጉሡ ጦር ልኮ ከተማዋን አቃጠላት።

ወደ ትርጉሙ ስመጣ፣ «ቤተኛ» ለቃሉ ቅርብ ነው፣ ግን መሣሪያ የለውም። «ጋሻ ጃግሬ» የሰው ጋሻ ተሸካሚ ነው፤ ሁስካርል የሚዋጋው በራሱ መጥረቢያ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላይ «ሁስካርል፣ ማለትም የንጉሡ ባለሟል ጦረኛ» ብዬ፣ ከዚያ በኋላ ሁስካርል እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሌላ አባል፦ የ«ካርል» የእንግሊዝ ዘመዱ ደግሞ ያስቃል። መጀመሪያ ነፃ ገበሬ ማለት ነበር። እየዋለ እያደረ «ቸርል» ሆነና ዛሬ ባለጌ ማለት ነው። የእኛው «ጨዋ» በተቃራኒው ሄደ። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የንጉሥ ጦር መጠሪያ ነበር፤ አሁን የሰው ምስጋና ነው።

ጠያቂ፦ ባለሟል ጦረኛ ተመችቶኛል። «ቴኝ»ስ? እዚያው ገጽ ላይ አለ።

መልስ፦ እሱ ጥንት «አገልጋይ» ነበር፣ በኋላ ባለርስት መኳንንት ሆነ። «መኳንንት» በለውና እለፍ። ብቻ አንድ ሰው ሁለቱንም ስም ይዞ ብታገኘው አትደናገጥ። አቦትስበሪ ገዳምን ያቋቋመው ኡርክ አንዱ ሰነድ ላይ ሁስካርል ነው፣ ሌላው ላይ ለቴኝ በሚውለው የላቲን ቃል ተጠርቷል።